ለሞዴል ሥራ ወረንጦ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕላስቲክ ሞዴል መገጣጠም የጀመረ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ለኪቱ (ለሚገጣጠሙት ቁራጮች ስብስብ)፣ ቀጥሎ ለቀለምና ለሙጫ ያወጣል። ወረንጦ ላይ ሲደርስ ግን ቤት ውስጥ የተገኘው ይበቃል ይላል። በ1/72 መጠን የሚሠራ አውሮፕላን ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጀታ በዚህ መጠን 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ዕቃ በማይሆን ወረንጦ የያዘ ሰው ወይ ተፈናጥሮ ይጠፋበታል፣ ወይ ይቆስልበታል፣ ወይ በሙጫ ተለውሶ ያለ ቦታው ይደርቅበታል። ስህተቶቹ ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአንድ ልማድ ነው፤ ገዢው የወረንጦውን መልክ፣ ቀለምና ዋጋ ያያል እንጂ ሥራውን የሚሠሩትን የመጨረሻዎቹን 3 ሚሊ ሜትር አያይም።

የቅንድብ ወረንጦ ይበቃል ማለት

የቅንድብ ወረንጦ ጫፉ ሰፊና ሰያፍ ነው፤ የተሠራውም ፀጉር ነክሶ ለመንቀል ነው። ለሞዴል ሲውል የያዘውን ዕቃ ራሱ ይሸፍነዋል። አጭር ስለሆነም ጣትዎ በዓይንዎና በሥራው መካከል ይጋረጣል። ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ይፈልጉ፤ የቅንድቡን ለባለቤቱ ይመልሱት።

በጣም የሾለውን መምረጥ

ከመጀመሪያው ስህተት የሸሸ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የሰዓት ሠሪዎች ወረንጦ የቅርጽ ቁጥር አለው፤ 5 ቁጥር ቀጥ ያለና መርፌ የመሰለ ጫፍ ያለው፣ 7 ቁጥር ቆልመም ያለ፣ 2ኤ ደግሞ ጠፍጣፋና ጫፉ ክብ የሆነ ነው። ቁጥሩ ቅርጹን ይናገራል እንጂ መጠኑንም ጥራቱንም አይናገርም። ጀማሪው ግን 5 ቁጥርን ሲያይ ዓይኑ እዚያው ይቀራል፤ ትንሽ ዕቃ በቀጭን ጫፍ እንደሚያዝ እርግጠኛ ነው።

ችግሩ ዕቃው የሚያዘው በሁለት ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። ክብ ወይም ጎኑ ያዘነበለ ቁራጭ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ይሽከረከራል። መሽከርከሩን ለማስቆም ጠበቅ ያደርጉታል። ሲጠብቅ የወረንጦው ቀጭን ክንዶች ይለመጣሉ፤ ጫፎቹ ወይ ይከፈታሉ ወይ አንዱ በሌላው ጎን ያልፋል፣ ዕቃውም ተፈናጥሮ ከወንበሩ ሥር ይገባል። ሰው በዚህ ጊዜ እጁን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከእጁ ሳይሆን ከጫፉ ነው። ለአብዛኛው የፕላስቲክ ዕቃ መጠነኛ ሹልነት ያለው፣ ውስጡ ጥቂት ጠፍጣፋ ገጽ ያለው ጫፍ ይበልጣል። መርፌ መሳዩ ቦታ የለውም አልልም፤ ፎቶ ኤች ለሚባሉት፣ በኬሚካል ተበልተው ለሚቀረጹት ስስ የናስ ቁራጮች እሱን የሚያህል የለም። ሆኖም አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ወለል ላይ በጫፉ ከወደቀ ጫፉ መንጠቆ ይሆናል።

ሳይፈትኑ ከፍሎ መሄድ

አዲስ አበባ ውስጥ ወረንጦ የሚፈልግ ሰው የሞባይል ጥገና ዕቃ የሚሸጡትን ቢጠይቅ ያገኛል። እዚያ የሚሸጠው ጥቁሩ ወረንጦ ለሞዴልም ይሆናል። ጥቁሩ ልባስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ለመጠበቅ የተቀባ ስለሆነ ለፕላስቲክ ሞዴል የሚጨምረው ነገር የለም። የማይዝገው ነጭ ብረት በዋጋ የሚቀራረብ ከሆነ እኔ ነጩን እመርጣለሁ፤ ሲቆሽሽ ይታያል፣ ሲጸዳም የሚላጥ ነገር የለውም።

ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ወረንጦዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ ሦስት አራቱን አስወጥተው ይፈትሹ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። መጀመሪያ ጫፎቹን ቀስ ብለው ያገናኙና ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ። መነካካት ያለባቸው ከሁሉ አስቀድሞ ጫፎቹ ናቸው፤ ከኋላቸው ቀጭን ብርሃን ማለፍ አለበት። ትንሽ ሲጨምሩበት ያ ብርሃን ከጫፍ ወደ ኋላ እየተዘጋ ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ሆኖ ኋላው ቀድሞ ከገጠመና ጫፉ ክፍት ከቀረ ምንም ትንሽ ዕቃ አይዝም። ከዚያ በጎኑ አዙረው ይዩት፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ከረዘመ ወይም እንደ መቀስ ከተላለፉ ይመልሱት።

ቀጥሎ ከራስዎ ላይ አንድ ፀጉር ይንቀሉና ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። በወረንጦው አንሡት፣ በሌላው እጅዎ ቀስ ብለው ይሳቡት። እየተንሸራተተ ከወጣ ጫፉ አልገጠመም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ባዶውን ከሚያስፈልገው በላይ ጨምቁት፤ ጫፎቹ አፋቸውን ከከፈቱ ክንዶቹ ደካማ ናቸው። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥቂት ብቻ የሳተ ጫፍ ይስተካከላል። 1000 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት በጫፎቹ መካከል አስገብተው በቀላሉ እየያዙ ጥቂት ጊዜ ይሳቡ፤ ወረቀቱን ገልብጠው ለሌላኛው ጫፍም ይድገሙ። ነገር ግን አዲስ ዕቃ ገዝቶ ወዲያው ሞረድ መያዝ ምን ይባላል?

ጠንካራ ስፕሪንግ ጥሩ ይመስላል

ስፕሪንግ የምለው ክንዶቹ መልሰው የሚከፈቱበትን ጉልበት ነው። ወረንጦውን ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። አውራ ጣትዎ ከደከመ ወይም ጫፉ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ይተዉት። ብዙ ሰው እጄ ይንቀጠቀጣል እያለ የሚያማርረው ወረንጦው ጠንካራ ሆኖበት ነው።

ጥርስ ያለው ጫፍ

በሕክምና ዕቃ መሸጫ የሚገኙት ወረንጦዎች ብዙዎቹ ጫፋቸው ውስጥ የተቦረቦረ ጥርስ አላቸው። ጥጥና ጨርቅ አያመልጣቸውም። ሞዴሉ የሚሠራበት ፖሊስቲሪን ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ጥርሱን በደንብ ይቀበላል፤ ትይዩ ጭረቶች ያትምበታል። ጭረቱ ቀለም ሳይቀባ አይታይ ይሆናል፤ ሲቀባ ይወጣል።

ለዲካልም ያንኑ መጠቀም

ዲካል በውሃ ከወረቀቱ የሚላቀቅ ስስ ምልክት ነው፤ የአየር ኃይል ዓርማው፣ የጭራው ቁጥር። ሹል ጫፍ ይበሳዋል፣ ይቀደዋልም። ለዚህ ጠፍጣፋና ክብ ጫፍ ያለው፣ 2ኤ የመሰለ ይሻላል፤ የጃፓኑ የሞዴል ኩባንያ ታሚያም ለዲካል ብሎ ለብቻው የሠራው ወረንጦ አለው። ከመሣሪያው ይልቅ አያያዙ የሚበልጥበት ቦታም ይህ ነው። ዲካሉን ለብ ባለ ውሃ ከነከሩ በኋላ ከወረቀቱ ላይ ነጥቀው አያንሡት። ወረንጦው የሚይዘው ወረቀቱን ነው፤ ዲካሉን በርጥብ ብሩሽ ከወረቀቱ ወደ ክንፉ ያንሸራትቱታል። ጫፉ ደረቅ ከሆነ የዲካሉ ሙጫ እሱ ላይ ይጣበቅና ምልክቱ ይጠቀለላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጫፉን ውሃ ያስነኩት።

ባለ ስድስቱን ስብስብ መግዛት

በአንድ ቦርሳ ስድስት ወረንጦ በቅናሽ ሲቀርብ ማን እምቢ ይላል? ሲከፈት ግን አራቱ በጣም የሚመሳሰሉ ቀጥ ያሉና የሾሉ ናቸው። በዚያው ዋጋ ሁለት የተፈተኑ ይግዙ፤ አንድ መጠነኛ ሹል የሆነ ቀጥ ያለ፣ አንድ ቆልመም ያለ። ቆልመሙ ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ወንበር ሲያስገቡ እጅዎን ከእይታዎ ያወጣዋል።

ሦስተኛ ከተጨመረ በተቃራኒው የሚሠራው ይሁን፤ ሲጨምቁት የሚከፈት፣ ሲለቁት የሚዘጋ። ዕቃ አስነክሰውት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ቀለም ይቀባሉ። ጭምቀቱን የሚወስነው ስፕሪንጉ እንጂ እጅዎ አይደለም፤ ቀጭን አንቴና ሊያጎብጥ፣ ብርሃን አሳላፊ የኮክፒት መስታወት ላይም ምልክት ሊተው ይችላል።

ከመጋጠሚያው አጠገብ መያዝ

ይህ የግዢ ስህተት አይደለም፤ ግን ጥሩ ወረንጦ የገዛ ሰው ሥራውን የሚያበላሽበት ስለሆነ አልዘለውም። አረንጓዴ ክዳን እንዳለው የታሚያ ሙጫ ያሉት ስስ ፈሳሽ ሙጫዎች ፕላስቲኩን በማሟሟት ያያይዛሉ፤ ጠባብ ክፍተት ሲያገኙም ራሳቸው ይሳባሉ። መጋጠሚያውም ጠባብ ክፍተት ነው፣ በወረንጦው ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ያለውም እንዲሁ። ጫፉ መጋጠሚያውን ከነካ ሙጫው ወደ እሱ ሥር ይሄዳል፣ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፣ ወረንጦው ሲነሣ ሁለት የጫፍ አሻራ ይቀራል። ከመጋጠሚያው ቢያንስ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ራቅ አድርገው ይያዙ፣ ሙጫውንም ከተቃራኒው በኩል ያስነኩ።

ሱፐር ግሉ ሌላ ጣጣ አለው። ጫፉ ላይ ይደርቅና ውፍረት ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃው አልለቅም ይላል። በምላጭ አይፋቁት፣ ገጹን ይቧጭረዋል። አሴቶን ያስነኩት ጨርቅ ያለሰልሰዋል፤ ይህን ሲያደርጉ መስኮት ይክፈቱ፣ ሞዴሉንም ከጠረጴዛው ያርቁ፣ አሴቶን ፖሊስቲሪኑን ያቀልጠዋልና። ጥቁር ልባስ ያለው ከሆነ ልባሱም አብሮ ሊለቅ ይችላል።

ሲጨርሱ ወረንጦውን ከፒንሳና ከቢላ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይወርውሩት። ሲገዛ በጫፉ ላይ የነበረችውን የፕላስቲክ ሽፋን ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጥላታል። ከጠፋች ወፈር ካለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ልባስ ገፍፈው ጫፉ ላይ ያጥልቁበት፤ ጫፎቹን ጨምቆ እንዳይይዛቸው ግን ጥቂት ሰፋ ያለውን ይምረጡ።