ሰውነት ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ የተማሪ ሙከራ እንዴት ይነደፋል?

ለ3 ደቂቃ ያህል ደረጃ ስትወጡና ስትወርዱ ልባችሁ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሻችሁ ይፈጥናል፣ ግንባራችሁ ላብ ይላል። ብዙ ተማሪ ይህን በጥንቃቄ ይለካል። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «ስለዚህ ሰውነት በስፖርት ጊዜ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ድምዳሜው ግን ተገልብጧል። ልብ የፈጠነው ሚዛኑ እንዳይናጋ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ገና ሙከራው ሲነደፍ ነው። ስለዚህ እኛም ከዚያው እንጀምር።

መጀመሪያ፦ የሚጠበቀውንና ጠባቂውን ለዩ

ሆሚዮስታሲስ ማለት ውጪው ቢለዋወጥም ሰውነት ውስጡን በጠባብ ወሰን ውስጥ ማቆየቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ በርናር ሴሎቻችን የሚኖሩበትን ፈሳሽ «ውስጣዊ አካባቢ» ብሎ ጠራው። የዚህ አካባቢ መረጋጋት ለሕይወት መሠረት መሆኑንም አስረዳ። ሆሚዮስታሲስ የሚለውን ቃል በ1926 ያወጣው ግን አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ነው። ካነን ከግሪክኛ የመረጠው ክፍል «ተመሳሳይ» የሚል ትርጉም ያለው ነው፤ «ፍጹም አንድ ዓይነት» የሚለውን ሆን ብሎ ትቶታል። የሰውነት ሙቀት አንዲት ቁጥር ላይ ተቸንክሮ አይቀርም፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ዙሪያ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ልብ በሉ፣ ግራፉን ስታነቡ ይጠቅማችኋል።

የሚጠበቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የውስጥ ሙቀት አንዱ ነው። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ወሰን ይጠበቃል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ ኦክስጅንና ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ የውኃና የጨው መጠንም እንዲሁ። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ላብ፣ የቆዳ ደም ሥሮች መስፋትና መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ደግሞ ጠባቂዎች ናቸው።

በአንድ ግንድ ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው አስቡ። እጆቹን ወዲህ ወዲያ ያወናጭፋል። እጁ ስለተወናጨፈ ሚዛኑን ሳተ አንልም፤ የማይወድቀው ስለሚያወናጭፋቸው ነው። የልብ ምት እጁ ነው፣ የውስጥ ሙቀት ደግሞ ግንዱ ላይ የቆመው ሰውዬ። ጥሩ ሙከራ ሁለቱንም አብሮ ይለካል። የልብ ምትን ብቻ የለካ ሰው እጁን እያየ ሰውዬው ይውደቅ ይቁም አላየም።

ጥያቄውን አጥብቡ

«ስፖርት ሰውነትን እንዴት ይለውጣል?» ለሙከራ አይሆንም፣ በጣም ሰፊ ነው። ይህኛው ይሻላል፦ «ለ3 ደቂቃ ደረጃ መውጣትና መውረድ የልብ ምትን፣ የትንፋሽ ብዛትንና የብብት ሙቀትን በምን ያህል ይቀይራል? እያንዳንዱስ ወደ ነበረበት ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

ሁለተኛውን ጥያቄ በፍጹም አትተዉት። ሆሚዮስታሲስ በደንብ የሚታየው መመለሱ ላይ ነው። እንቅስቃሴው ሲያበቃ መለካት ያቆመ ተማሪ የታሪኩን ግማሽ ጥሎ ሄዷል።

መላምታችሁን ከነምክንያቱ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «የልብ ምትና ትንፋሽ በብዙ ይጨምራሉ፣ የብብት ሙቀት ግን ብዙም አይለወጥም፤ ምክንያቱም ጠባቂዎቹ የሚሠሩት የውስጡን ሁኔታ ለማቆየት ነው።» ውጤቱ ይህን ሊያፈርሰው ይችላል። ሊፈርስ የማይችል መላምት ምንም አይነግራችሁም።

ምን ትቀይራላችሁ? ምንስ አትነኩም?

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ የምመርጠው ፍጥነትን ነው፦ በደቂቃ 16 ዙር እና በደቂቃ 24 ዙር። አንድ ዙር ማለት ቀኝ እግር ወደ ላይ፣ ግራ ወደ ላይ፣ ቀኝ ወደ ታች፣ ግራ ወደ ታች ነው። አራት እርምጃ ስለሆነ ስልክ ላይ ያለውን ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚያሰማ መተግበሪያ) ለቀስታው በደቂቃ 64፣ ለፈጣኑ 96 ምት ላይ አድርጉት። በየምቱ አንድ እርምጃ። ያለ ሜትሮኖም ሰው ሲደክመው ሳያውቀው ይዘገያል፣ ያኔ ፍጥነቱን አልተቆጣጠራችሁም ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ፦ ያው የደረጃ ከፍታ (ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር)፣ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ለኪ። ተሳታፊው ከሙከራው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከባድ ምግብና ካፌይን ያለበት መጠጥ ባይወስድ ጥሩ ነው። ውኃ ግን አትከልክሉ።

ተማሪዎች የሚረሷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማነጻጸሪያው ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ በሌላ ቀን ምንም ሳይንቀሳቀስ ለተመሳሳይ ጊዜ ተቀምጦ ይለካ። የተቀመጠ ሰው የልብ ምትም እኮ ይለዋወጣል። ምን ያህል እንደሆነ ካላወቃችሁ ስፖርቱ ያመጣውን ለውጥ መለየት አትችሉም። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም ቀስታውን አስቀድሞ ፈጣኑን አስከትሎ ከሠራ፣ ለውጡ ከፍጥነቱ ይምጣ ከልምምዱ አይታወቅም። ግማሾቹ በቀስታው፣ ግማሾቹ በፈጣኑ ይጀምሩ፤ ሁለቱም በተለያየ ቀን ይሁኑ።

ስንት ሰው ይበቃል? አንድ ሰው አይበቃም። ስምንት ወይም አሥር ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ስለሚነጻጸር ትንሽ ቡድንም ጥሩ መረጃ ይሰጣል።

ሰው ላይ ነው የምትሠሩት

ይህን ክፍል ለወጉ ያህል አትለፉት። ምን እንደሚሠራ ለተሳታፊው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችልም ጭምር። ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። መምህራችሁም ዕቅዱን አይቶ ይፍቀድ። የልብ ሕመም፣ ያልተረጋጋ አስም፣ ትኩሳት ወይም ጉዳት ያለበት ሰው ደረጃ አይውጣ፤ ሰዓት መያዝና መመዝገብ ይችላል። ለምን እንዳልተሳተፈ ግን በሰው ፊት አትጠይቁት። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ከባድ የትንፋሽ እጥረት ከተሰማው ወዲያው ይቁምና አዋቂ ይጠራ።

አንዳንዶች ለሙከራ ትንፋሽ መያዝን ይመርጣሉ። በተለይ በፍጥነት ደጋግሞ ተንፍሶ ከዚያ ትንፋሽ መያዝን አታድርጉ። ፈጣን ትንፋሽ ካርቦንዳይኦክሳይድን ከደም ይቀንሳል። «ተንፍስ» የሚለውን ግፊት በዋናነት የሚቀሰቅሰው ደግሞ የካርቦንዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ማስጠንቀቂያው ሲዘገይ ኦክስጅን በጣም ይቀንስና ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ደም በመርፌ ወስዶ ስኳር መለካትም በክፍል ውስጥ ባይሞከር ይሻላል።

መዝገባችሁ ላይ በስም ፈንታ ኮድ ተጠቀሙ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ።

አለካኩን ተለማመዱ

ሙከራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ስለዚህ ከዋናው ቀን በፊት አንድ ቀን ለልምምድ ብቻ ስጡ።

የልብ ምትን በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው ጎን ፈልጉት። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው የራሳችሁን ልብ ልትቆጥሩ ትችላላችሁ።

ስንት ሰከንድ ይቆጠር? በእረፍት ላይ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 ስታበዙ ስህተቱም አብሮ ይባዛል፦ አንድ ምት ቢያመልጣችሁ በደቂቃ 4 ምት ሳታችሁ ማለት ነው። ከእንቅስቃሴ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልብ ወዲያው መቀነስ ስለሚጀምር አንድ ደቂቃ ሙሉ ከቆጠራችሁ ከፍተኛውን ከዝቅተኛው ጋር ቀላቅላችሁ አማካይ ታወጣላችሁ። ስለዚህ እዚያ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ፣ የ4 ምት ስህተት ሊኖር እንደሚችልም ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። በጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ ካላችሁ ይቀላል፤ ያኔም ግን እጅ ሳይንቀሳቀስ ነው።

ትንፋሽ ሌላ ባሕርይ አለው፦ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። ነርሶች ለዚህ መላ አላቸው። የእጁን አንጓ እንደያዙ፣ የልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው ደረቱን ያያሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፈቃድ ስትጠይቁ ግን ትንፋሽም እንደሚቆጠር ንገሩት፣ መቼ እንደሆነ ብቻ አትንገሩት።

ሙቀትን በዲጂታል ቴርሞሜትር ከብብት ውሰዱ። የአፍ ሙቀት አይመከርም፣ በአፉ እያለከለከ ያለ ሰው አፉን ያቀዘቅዘዋል። ግንባርም እንዲሁ ያሳስታል። ላብ ሲተን ከቆዳው ሙቀት ስለሚወስድ፣ ውስጡ ሞቆ ሳለ ግንባሩ ቀዝቅዞ ሊነበብ ይችላል። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ለኩ። በእረፍት ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ለኩት። ሁለቱ ንባቦች በ0.2 ዲግሪ ከተለያዩ፣ በኋላ የምታዩትን የ0.2 ለውጥ «ስፖርቱ ያመጣው ነው» ማለት አትችሉም። የብብት ሙቀት የውስጡን በግምት ብቻ እንደሚያሳይም አትርሱ።

የሙከራው ቀን

ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ የልብ ምት ቆጣሪ፣ አንድ ትንፋሽ ቆጣሪ፣ አንድ መዝጋቢ።

ተሳታፊው 10 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። ከዚያ የእረፍት የልብ ምቱን ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ትንፋሹንና ሙቀቱን መዝግቡ። ሜትሮኖሙን ክፈቱ፣ 3 ደቂቃ ይውጣ ይውረድ። ሲጨርስ ወዲያው ይቀመጥ፤ ልቡና ትንፋሹ በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ይቆጠሩ። ቴርሞሜትሩም ወዲያው ብብቱ ውስጥ ይግባ፣ ንባቡ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በየደቂቃው፣ የልብ ምቱ ከእረፍቱ በ5 ምት ውስጥ እስኪገባ ወይም 10 ደቂቃ እስኪሞላ ለኩ። ሙቀቱን በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ድገሙት። የክፍሉንም ሙቀት ጻፉ።

«ተመለሰ» የምትሉበትን ወሰን፣ ማለትም ያንን 5 ምት፣ ከመለካታችሁ በፊት ወስኑ። ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ የሚወሰን ወሰን ለራስ ማድላት ነው።

ደረጃ መውጣት የማይመቸው ተሳታፊ ካለ፣ ተቀምጦ ሁለት እጁን በሜትሮኖም ምት ወደ ላይ ማንሳትና ማውረድ ይችላል። ውጤቱን ግን ለብቻው አስቀምጡ።

ቁጥሩን ወደ ግራፍ

አግድሙ ላይ ጊዜ በደቂቃ፣ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ልኬቱ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልኬት አንድ ግራፍ ሥሩና ሦስቱን አንዱን ከአንዱ በታች አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ላይ የእረፍቱን አማካይ በተቆራረጠ መስመር አስምሩ። ያኔ ጠባቂዎቹ ሽቅብ ወጥተው ሲመለሱ፣ የሚጠበቀው ደግሞ ከመስመሩ ብዙም ሳይርቅ ሲቀር በአንድ ጊዜ ይታያል።

የልብ ምትን በመቶኛ ማስላት ይቻላል። ለማስረዳት ያህል፣ ከ72 ወደ 126 ቢወጣ ጭማሪው 54 ነው፣ 54 ለ72 ሲካፈል 75 በመቶ። ሙቀትን ግን በመቶኛ አታስሉ። የሴልሺየስ ዜሮ ውኃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ እንጂ «ሙቀት የለም» ማለት ስላልሆነ መቶኛው ትርጉም የለውም። ለውጡን በዲግሪ ብቻ ግለጹ።

ውጤቱን ስትተረጉሙ

እዚህ ላይ አሉታዊ ግብረ መልስ የሚባለውን አምጡ። አሉታዊ የተባለው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለውጡን ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋ ነው። ሦስት አካላት አሉት፦ ለውጡን የሚያውቅ፣ የሚወስን፣ የሚፈጽም።

ሙቀትን ውሰዱ። ጡንቻ ከሚጠቀመው ኃይል አብዛኛው ሥራ ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። የደሙን መሞቅ በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ያውቃል። የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይወጣል፣ ሙቀት ይለቀቃል። በትንፋሽ በኩልም በአንጎል ግንድና በትልልቅ ደም ሥሮች ላይ ያሉ ተቀባዮች የካርቦንዳይኦክሳይድንና የፒኤችን ለውጥ ይከታተላሉ። አንድ ነገር ግን ጨምሩ፦ ልብና ትንፋሽ የሚፈጥኑት ገና እንቅስቃሴው ሲጀመር፣ ደሙ ብዙም ሳይለወጥ ነው። አንጎል ጡንቻን ሲያዝ ለልብና ለሳንባም አብሮ ይነግራቸዋል። ሁሉንም ነገር በግብረ መልስ ብቻ ለማስረዳት አትድከሙ።

ድምዳሜያችሁን በለካችሁት ልክ ጻፉ። «ሆሚዮስታሲስን አረጋገጥን» አትበሉ። «የልብ ምትና ትንፋሽ ይህን ያህል ጨምረው በዚህን ያህል ደቂቃ ተመለሱ፤ የብብት ሙቀት ለውጥ ከመሣሪያው መዋዠቅ አልበለጠም» ማለት ይበቃል፤ ውጤታችሁ ይህ ከሆነ። ሙቀቱ በግልጽ ከጨመረም አትደብቁት። እንቅስቃሴው ሲረዝም የውስጥ ሙቀት በእርግጥም በትንሹ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የአንዱ ተሳታፊ ቁጥር ከሌሎቹ ቢያፈነግጥም አትሰርዙት። ሠንጠረዡ ላይ ተዉት፣ አጠገቡም በዚያን ቀን ምን የተለየ ነገር እንደነበረ ጻፉ፦ ደረጃውን እየሮጠ መጥቶ ነበር? እንቅልፍ አጥቶ ነበር? ሜትሮኖሙ መሃል ላይ ጠፍቶ ነበር?