ከእህሉ በፊት ቁናውን፦ የአገርን የጤና አገልግሎት ከጎረቤቶቹ ጋር በስታቲስቲክስ ስለማነጻጸር

በወሎ ገበያዎች ልምድ ያለው ሸማች ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት ቁናውን ይመለከታል፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ስለሚሰፋ ወይም ስለሚጠብ በአንዱ ርካሽ የመሰለው እህል በሚዛን ሲታይ ውድ ሆኖ ይገኛልና። እዚህ ደሴ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች «የእኛ የጤና አገልግሎት ከኬንያ ወይም ከሱዳን ይሻላል ወይስ ያንሳል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጠው ምክር ከዚህ ሸማች ልማድ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ማጥበብ ያስፈልጋል። «የጤና አገልግሎት» የሚለው ቃል የሐኪሙን ቁጥር፣ በጤና ተቋም የሚወልዱትን እናቶች ድርሻና የሕፃናትን ሞት በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ሁሉንም በአንድ ደረጃ ለመግለጽ መሞከር አያዋጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የ191 አገሮችን የጤና ሥርዓት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ ፈረንሳይን በአንደኛነት አስቀምጦ ነበር፤ በስሌቱ ላይ የተነሣው ትችት ግን ብርቱ ስለነበር ድርጅቱ እንዲህ ያለውን ድርደራ አልደገመውም። እኔ የምመርጠው አንድ የአጠቃቀም መለኪያና አንድ የውጤት መለኪያ ጎን ለጎን ማቅረብን ነው፤ የሕንፃና የአልጋ ቁጥር ብቻውን ሰው መታከሙን አያሳይም።

ቀጥሎ የሚመረመረው አካፋዩ፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበት ጠቅላላ ቁጥር ነው። አንድ ወረዳ ከሚጠበቁት ሕፃናት ውስጥ ከ100 በመቶ በላይ ከተብኩ ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የክትባቱ ቆጠራ ሳይሆን የሕፃናቱ ግምት ነው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ የወረዳና የቀበሌ ሕዝብ የሚታወቀው በትንበያ ነው፤ ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቧን ቆጥራለች። ስለዚህ ከጤና ተቋማት ሪፖርት የተገኙ የሁለቱ አገሮች መቶኛዎች በተለያየ ቁና የተሰፈሩ ናቸው። በሆስፒታል ውስጥ የሚመዘገብ ሞትም እንዲሁ ያሳስታል፦ ከአፋርና ከሰሜን ወሎ በሪፈር የሚመጣ ጽኑ ሕመምተኛ የሚያድረው ደሴ ነውና፣ ደሴ የሚመዘገበው ሞት ከገጠር ጤና ጣቢያ መብለጡ የሕክምናውን መድከም አያመለክትም።

ከዚህ ችግር በብዙ የሚያወጣው በየቤቱ እየተዞረ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ተቀራራቢ በሆነ መጠይቅ ስለሚካሄድና እናቶችን ስለ ወለዷቸው ልጆች ሁሉ በቀጥታ ስለሚጠይቅ፣ የጤና ተቋም ደጃፍ ያልረገጠችው እናት ጭምር ትቆጠራለች። ኢትዮጵያ ሙሉ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 አካሂዳለች።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተዘረጋ ወጥመድ አለ። የ2016ቱ ጥናት በእኛ አቆጣጠር የ2008 ዓ.ም. ነው። የዚህ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት ከ1000 በሕይወት ከተወለዱት 67 ሲሆን፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 ያካሄደችው ጥናት ደግሞ 74 ያሳያል። ሁለቱን «2008» በሚል አንድ ዓምድ ሥር ያሰፈረ ጸሐፊ ኢትዮጵያ ትቀድማለች ብሎ ይደመድማል፤ በመካከላቸው ግን ሰባት ዓመት ገደማ አለ። ለኢትዮጵያው ጥናት በጊዜ የሚቀርበው የኬንያ ጥናት የ2014ቱ ሲሆን የእርሱ ቁጥር 52 ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን በሙሉ በአንድ አቆጣጠር መሥራት ግድ ነው፤ እኔም ከዚህ በታች የማሰፍራቸው የጥናት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁጥሩ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት የሚመለከት እንጂ የጥናቱን ዓመት ብቻ የሚገልጽ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የአንድ ጊዜ ቁጥር ደረጃን እንጂ ጉዞን አይነግርም። በኢትዮጵያ ሞቱ በ2000 ከነበረበት 166 በ2016 ወደ 67 ወርዷል፤ ይህም በየዓመቱ በአማካይ 5.5 በመቶ ያህል መቀነስ ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 67ን ለ166 አካፍሎ፣ በመካከሉ 16 ዓመት ስላለ የውጤቱን አሥራ ስድስተኛ ዘር ወስዶ፣ ከ1 መቀነስ። ለኬንያ ይኸው ስሌት ከ2003 (115) እስከ 2014 (52) ሲሠራ ዓመታዊው ቅናሽ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል። መነሻውን 1993 (96) ካደረግነው ግን ወደ 2.9 በመቶ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት በዚያ ዘመን የኬንያ ሞት መጀመሪያ ጨምሮ ነው ኋላ የቀነሰው። በአንድ አገር ቁጥሮች ብቻ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው። መነሻ ዓመት የመረጠ ሰው ምክንያቱን ይግለጽ፤ ከተቻለም መስመሩን በሙሉ በግራፍ ያሳይ።

የእናቶች ሞት ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ ጥናት 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል፤ ብዙ ይመስላል፣ ነገር ግን የእናቶች ሞት የሚገመተው ሴቶቹ ስለ እህቶቻቸው ተጠይቀው ስለሆነና በወሊድ ምክንያት የሞቱ እህቶቻቸው በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ግምቱ ይዋዥቃል። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ 412 ተብሎ የተገለጸው የኢትዮጵያ ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው ወሰን (ከናሙናው በመነሣት እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ በሚታመነው ስፋት) ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የኬንያ የ2014 ቁጥር ደግሞ 362 ሆኖ ወሰኑ ከ254 እስከ 471 ነው። ልዩነቱ እውነተኛ መሆኑን ለመፈተን የየአንዳንዱን ወሰን ስፋት ግማሽ ይውሰዱ፤ 139 እና 108.5 ያገኛሉ። ሁለቱን ካሬ አድርገው ይደምሩና የድምሩን ካሬ ዘር ያውጡ፤ 176 ገደማ ይመጣል። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት 50 ብቻ ስለሆነና ይህም ከ176 እጅግ ስለሚያንስ፣ ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ በእናቶች ሞት ኬንያ ትሻላለች ማለት አይቻልም። ይህችን የአንድ ደቂቃ ስሌት ያልሠራ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚበዛ ባነበብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

አማካይም ይሸፍናል። በ2016ቱ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት በአገር ደረጃ 26 በመቶ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 97፣ ከወሎ በስተ ምሥራቅ በሚያዋስነን በአፋር ደግሞ 15 በመቶ ነበሩ። ከባቲ ገበያ ጥቂት ወረድ ሲባል የሚገኘው አርብቶ አደር ከናይሮቢ ይልቅ ከሰሜን ኬንያ አርብቶ አደር ጋር ቢነጻጸር ንጽጽሩ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል።

በገንዘብ ረገድ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዶላር የተሰላው የነፍስ ወከፍ የጤና ወጪ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፣ የነርሷ ደመወዝ በብር ግን ያው ነው። ስለዚህ ወጪ የሚነጻጸረው በመግዛት አቅም፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል ሊገዛ እንደሚችል ታስቦ፣ ተስተካክሎ ነው።

የሌለው ቁጥርም መታየት አለበት። ኤርትራ ይህን ጥናት በ1995 እና በ2002 አካሂዳለች፤ በሱዳን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ያለው ጦርነት የመረጃ ሥራውንም አውኳል። እንዲህ ላሉ አገሮች የተባበሩት መንግሥታት በሞዴል የተሠሩ ግምቶችን ያወጣል፤ እነርሱን የሚጠቀም ሰው ለሁሉም አገር እነርሱኑ ይጠቀም እንጂ የአንዱን ከጥናት፣ የሌላውን ከሞዴል አይውሰድ። ጥናቱ ራሱም በሕይወት ያለችን እናት ብቻ ስለሚጠይቅ ከልጇ ጋር የሞተችው ከቆጠራው ትወጣለች። የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ ያስታወሰ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ያኔ በየመንገዱ የወደቀው በየመዝገቡ አልሰፈረም።

ውጤቱ ሲጻፍ ዓመቱ፣ መለኪያውና ወሰኑ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግቡ። «ኬንያ በጤና ትበልጠናለች» ከማለት ይልቅ እንዲህ ማለት ይሻላል፦ «በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በኢትዮጵያ በ2016 በተካሄዱ ተመሳሳይ የቤት ለቤት ጥናቶች መሠረት፣ ከየጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሞቱት በኬንያ 52፣ በኢትዮጵያ 67 ሲሆኑ፣ በእናቶች ሞት ግን የሁለቱ ጥናቶች ናሙና ልዩነቱን ለመለየት አይበቃም።»