ለግንባታ ሠራተኞች የሚሰጥ የደህንነት ሥልጠና ውጤታማ የሚሆነው እንዴት ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ሊያስከትል ስለሚችለው አደጋ ለሠራተኞቹ እንዲያሳውቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ ይሁንና ሠራተኞችን ሰብስቦ ደንብ ማንበብና የመገኘታቸውን ፊርማ መቀበል ሥልጠና ሊባል አይገባውም።

ለዓመታት በአጣና መወጣጫ ላይ ሲሠራ የኖረ ግንበኛ እንደ ጀማሪ ሲነገረው ልቡን ስለማይሰጥ፣ ሥልጠናውን እዚያው መወጣጫው ሥር፣ በጥያቄ መጀመር ይበጃል። ከመውጣታቸው በፊት ምን ምን እንደሚያዩ ይጠይቋቸው፤ የላላ ማሰሪያ፣ የተሰነጠቀ አጣና፣ በሚስማር ያልተያዘ ጣውላ እያሉ ራሳቸው ሲዘረዝሩ አሠልጣኙ የቀረውን ብቻ ይሞላል። አማርኛ በደንብ የማይሰሙ ካሉም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ባልደረባ ያስረዳቸው።

የደህንነት ቀበቶን በተመለከተ ማሳየት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱ ይታጠቅ፤ መንጠቆውንም በአጣናው ላይ ሳይሆን ክብደቱን በሚሸከም የሕንፃው አካል ላይ፣ የሚቻል ከሆነ ከራሱ በላይ ያያይዝ። ቀበቶውን ለምን እንደማይጠቀም ሲጠየቅም ያለ ፍርሃት እንዲናገር ዕድል ይሰጠው፤ በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሰው መንጠቆ መፍታትና ማሰር ጊዜና ገንዘብ ነውና። በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መሠልጠን ያለበት ፎርማኑ ነው፤ እርሱ «ቶሎ በል» እያለ ሲያጣድፍ የተማሩት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ከሳምንት በኋላ ፈተና ከመስጠት ይልቅ ወደ ሥራው ቦታ ወጥተው መንጠቆዎቹ የት እንደተያያዙ ይመልከቱ።