በባህር ዳርቻ ከተማ ቤትን ለደራሽ ጎርፍ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ደራሽ ጎርፍ ጊዜ አይሰጥም። ከባድ ዝናብ ከጣለ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መንገዱ ወንዝ ሊሆን ይችላል። የባህር ዳርቻ ከተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ባህሩ ሲሞላ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎቹ አፍ ውሃ ውስጥ ይገባል። ያኔ የዝናቡ ውሃ መውጫ ያጣና ወደ ሰፈር ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2005 በህንዷ ሙምባይ ላይ በአንድ ቀን 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ የባህሩ ሙላት ተደርቦ ከተማዋን አጥለቅልቋታል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሙላቱን ሰዓት እወቁ። የዝናብ ትንበያ ብቻውን አይበቃም። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይበረታል። ከባድ ዝናብ ከሙላቱ ሰዓት ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ ቀደም ብላችሁ መኪናችሁን ከምድር ቤት (ከመሬት በታች ካለው ወለል) አውጡና ከፍ ያለ ቦታ አቁሙ።

ቀጥሎ ቤታችሁን ዙሩ። አሸንዳውንና ከደጃፍ ያለውን ቦይ ከቅጠልና ከፌስታል አጽዱ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 5,000 ሊትር ውሃ ነው። ብዙ ሰው በሩን በአሸዋ ጆንያ ይዘጋና የመጸዳጃ ቤቱን ቀዳዳ ይረሳዋል። ፍሳሹ የሚመለሰው በዚያ ነው። ውሃ ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ በቧንቧ ሠራተኛ አስገጥሙ።

ሰነዶቻችሁን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሉ። የቤት ዕቃውንም ፎቶ አንሱ፤ ኢንሹራንስ ካላችሁ ይጠቅማል።

ውሃው መግባት ሲጀምር፣ የቆማችሁበት ደረቅ ከሆነ ብቻ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ (ብሬከር) አጥፉ። እግራችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ እንዳትነኩት። ምድር ቤት ያለ ሰው ዕቃዬን ላውጣ ሳይል ወዲያው ይውጣ። ከውጭ የተጠራቀመው ውሃ በሩን ሲጫነው መክፈት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኒውዮርክ ጎርፍ ከሞቱት ብዙዎቹ ምድር ቤት የሚኖሩ ነበሩ።

መንገድ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ክዳኑ የተነሳ ማንሆልም አይታይም።

ጎርፉ ከሄደ በኋላ ጨው ይቀራል፤ እኔ በጣም የምሰጋው ይሄንን ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። የባህር ውሃ የነካውን ግድግዳና ብረት በንጹህ ውሃ እጠቡ። ሻጋታ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል መስኮቱን ከፋፍቱ፣ የራሰውን ምንጣፍና ፍራሽ አውጡ። ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። ጨዋማ ውሃ የገባበት ሶኬትና ብሬከር ደርቆ ቢታይም ይቀየር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው መብራቱን አትመልሱ።