የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅን የሚጎዱ የተለመዱ ስህተቶች

የጉልበቴ መገጣጠሚያ እንዳያልቅ ብሎ መቀመጥ። በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ሰው ራሱን የጠበቀ እየመሰለው ይጎዳል። ካርቲሌጅ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ለስላሳ ነገር ነው። ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። የደም ሥር የለውም። ምግቡን በዋናነት የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሳ ፈሳሹን መልሶ ይስባል። ሴሎቹም ጤነኛ ሆነው የሚቆዩት ይህ ጫና መጣ ሄደ ሲል ነው። እግር ለሳምንታት በጀሶ ታስሮ ሲቆይ ካርቲሌጁ መሳሳት የሚጀምረው ለዚህ ነው። «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚለው ወሬም ቢቀር ደስ ይለኛል። ለጤናቸው ብለው በመጠኑ የሚሮጡ ሰዎች ከማይሮጡት በላይ በጉልበት አርትራይተስ (መገጣጠሚያን በሚያሳምም በሽታ) እንደሚጠቁ ጥናቶች አላሳዩም።

በአንዴ ማብዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ለወራት የተቀመጠ ሰው ድንገት ረጅም ሩጫ ወይም ከባድ ክብደት ሲጀምር ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ካርቲሌጅ ሴሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለመላመድም ለመጠገንም አዝጋሚ ነው። ቀስ በቀስ ይጨመር።

ድሮ የተጎዳን ጉልበት «ድኗል» ብሎ መርሳትም ዋጋ ያስከፍላል። ጉልበትን የሚያረጋጋው ጅማት ሲበጠስ አጥንቶቹ ከወትሮው መንገዳቸው ትንሽ ወጣ ይላሉ። ያኔ ጫናው ያልለመደው የካርቲሌጅ ክፍል ላይ ያርፋል። ሜኒስከስ፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መሃል ጫናን የሚያከፋፍለው ትራስ መሰል ካርቲሌጅ፣ ተቀዶ ሲወጣ ደግሞ ያው የሰውነት ክብደት በጠበበ ቦታ ላይ ይወድቃል። ፌርባንክ የተባለ የአጥንት ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣላቸው ሰዎች ራጅ ላይ ያየውን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፏል። ዛሬ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ሜኒስከሱን ለማትረፍ ይጥራሉ። ስለዚህ እብጠቱ ጠፋ ተብሎ ኳስ ሜዳ አይገባም። መጀመሪያ የጭን ጡንቻ በፊዚዮቴራፒ ይጠንክር።

ክብደትን መናቅም አለ። ውፍረትና የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ቀንሶለታል። ትንሽ መቀነስም ትርጉም አለው። ሥራቸው ከባድ ዕቃ ማንሳትና ረጅም ሰዓት መንበርከክ የሆነባቸው ሰዎችም መሃል መሃል ተነስተው እግራቸውን ያፍታቱ።

የመጨረሻው ስህተት ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ካርቲሌጅ ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ አይናገርም። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ካለው አጥንትና ከመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ነው፤ ያኔ ጉዳቱ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ካበጠ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ ካለ ወይም ድንገት ከከዳ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ሲታጠፍ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ሕመምም እብጠትም የሌለው ጉልበት ግን ብዙም አያሳስብም።