መስታወት ሲጠነከር የሚታዩ የማሞቅና የማቀዝቀዝ ችግሮች፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሔ

ጠፍጣፋ መስታወትን ማጠንከር ማለት መስታወቱን ከ620 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ ወዲያውኑ ሁለቱንም ገጾቹን በኃይለኛ አየር ማቀዝቀዝ ማለት ነው። ገጹ ቀድሞ ይጠጥራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ገጹን ስለሚስበው ገጹ እንደተጨመቀ ይቀራል፤ የመስታወቱ ጥንካሬም ከዚህ ጭመቃ የሚገኝ ነው።

ቀደም ሲል መስታወቱ በመቆንጠጫ ተንጠልጥሎ ይሞቅ ስለነበር ሁለቱ ገጾች ሙቀት የሚያገኙት በእኩል ነበር፤ ጉድለቱ መቆንጠጫው በያዘበት ቦታ የሚቀረው ጠባሳ ነበር። መስታወቱን አጋድሞ በሴራሚክ ሮለሮች (ተሽከርካሪ ዘንጎች) ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ የሚያሞቀው ምድጃ ይህን ጠባሳ አስቀረ፤ ነገር ግን የታችኛው ገጽ ሮለሩን እየነካ፣ የላይኛው ገጽ ግን በጨረር ብቻ እንዲሞቅ አደረገ። በእኔ እምነት ኦፕሬተሮችን ከሚያደክሙት ጉድለቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ የሁለት ገጾች ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የብሎወሩን (የማቀዝቀዣውን አየር የሚነፍሰውን ማሽን) ግፊት ከመነካካት በፊት ምድጃውን መመርመር ይገባል።

በመስታወቱ መሐል የሚታይ ነጭ ጭጋግ

ምልክቱ በመስታወቱ የታችኛው ገጽ መሐል ላይ፣ መስታወቱ በተጓዘበት አቅጣጫ የሚዘረጋ ነጭ መስመር ነው። በእጅ ቢጠረግ አይለቅም፤ ጠጋ ብለው በብርሃን ሲያዩት የጥቃቅን ጭረቶች ክምችት ሆኖ ይገኛል። ቀዝቃዛው መስታወት ትኩስ ሮለር ላይ ሲያርፍ የታችኛው ገጽ ቀድሞ ስለሚለጠጥ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ የመስታወቱ ክብደት በሙሉ በመሐሉ ላይ ይወድቅና ሮለሩ ያንን ቦታ ይፍቀዋል። ምድጃው ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ የሚገባው የመጀመሪያው ጭነት የባሰ የሚጎዳውም፣ በመካከሉ ሙቀት የሚወስድ መስታወት ስላልነበረ ሮለሮቹ ከወትሮው ይበልጥ ግለው ስለሚጠብቁት ነው።

መፍትሔው የታችኛውን ማሞቂያ ሙቀት ዝቅ ማድረግ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ትኩስ አየር በሚነፍስ የኮንቬክሽን ሥርዓት የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ማገዝ፣ እንዲሁም በጭነቶች መካከል ያለውን ጊዜ በተቻለ መጠን እኩል ማድረግ ነው።

ሎው-ኢ ሽፋን ያለው መስታወት ሲገባ ይህ ችግር ይበረታል። ሽፋኑ ሮለር እንዳይነካው ወደ ላይ ይደረጋል፤ የተፈጠረውም የሙቀት ጨረርን እንዲመልስ በመሆኑ፣ ተራ መስታወት ከሚደርሰው ጨረር አብዛኛውን ሲውጥ ይህኛው አብዛኛውን ይመልሰዋል። የማሞቂያውን ሙቀት በመጨመር ብቻ ይህን ማሸነፍ አድካሚ ነው፤ የሚነፍስ ትኩስ አየር ግን ሙቀቱን ለገጹ የሚሰጠው በንክኪ ስለሆነ ሽፋኑ አያግደውም። ኮንቬክሽን የሌለው ምድጃ ያለው ሰው የማሞቂያ ጊዜውን ማርዘምና የታችኛውን ሙቀት መቀነስ ይኖርበታል።

ከማቀዝቀዣው ጎብጦ የሚወጣ መስታወት

ሕጉ አንድ ነው፦ ዘግይቶ የቀዘቀዘው ገጽ ኋላ ላይ ይበልጥ ስለሚኮማተር መስታወቱ ወደዚያ ገጽ ይጎብጣል። ጠርዞቹ ወደ ላይ ከተነሡ የላይኛው ገጽ ዘግይቷል ማለት ነው፤ የላይኛውን አየር መጨመር ወይም የታችኛውን መቀነስ ያስተካክለዋል። ጠርዞቹ ወደ ታች ካዘነበሉ ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ሆኖም ጉብጠቱ ከጭነት ወደ ጭነት የሚለዋወጥ ከሆነ ወይም በአንድ ጭነት ውስጥ ከቦታ ቦታ ከተለያየ ጥፋቱ የብሎወሩ ሳይሆን ወጥ ያልሆነው የምድጃ ሙቀት ስለሆነ፣ የተቃጠለ ማሞቂያ ወይም የተሳሳተ ንባብ የሚሰጥ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) መፈለግ ያስፈልጋል።

በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ መፈንዳትና የሮለር ሞገድ

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ጽንፎች ስለሆኑ አብረው መታየት አለባቸው። በቂ ሙቀት ያላገኘ መስታወት አየሩ ሲመታው ገጹ ለቅጽበት ይወጠርና ይፈነዳል፤ ከመጠን በላይ የሞቀው ደግሞ በሮለሮች መካከል ረግቦ ሞገድ ይይዛል። ሞገዱን ለማየት ቀጥ ያለ መስመር፣ ለምሳሌ የመብራት ዘንግ፣ በመስታወቱ ላይ ሲንጸባረቅ መመልከት ይበቃል፤ መስመሩ እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ሙቀቱ በዝቷል። ማስተካከያው የሙቀት መጠኑን ሳይሆን የማሞቂያ ጊዜውን ጥቂት ጥቂት ሰከንድ እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ መሞከር ነው። መስታወቱ ገና ምድጃው ውስጥ እያለ የሚሰበር ከሆነ ግን በቅድሚያ በደንብ ያልተሞረደ ጠርዝን ወይም ቀዳዳን መጠርጠር ይገባል።

ሲሰበር ትላልቅ ቁራጭ የሚሆን መስታወት

የአውሮፓው ደረጃ 12150 ከ4 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መስታወት በ50 በ50 ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ቢያንስ 40 ቁርጥራጭ እንዲቆጠር ይጠይቃል። ቁጥሩ ካነሰ ጭመቃው ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ በመስታወት ስብርባሪ የተደፈነ ኖዝል (የአየር መውጫ ቀዳዳ)፣ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ወይም ከምድጃ ወደ ማቀዝቀዣ የሚደረግ ዘገምተኛ ጉዞ ነው። ቀጭን መስታወት በገጹና በመሐሉ መካከል በቂ የሙቀት ልዩነት ለመፍጠር ከወፍራሙ እጅግ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ ያለ ምክንያት የሚፈነዳ

እዚህ ላይ የምድጃው ኦፕሬተር ያለ ጥፋቱ ሊወቀስ ይችላል። በመስታወቱ ውስጥ የቀረ ጥቃቅን የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ከ379 ዲግሪ በላይ አንድ ቅርጽ፣ ከዚያ በታች ሌላ ቅርጽ ይይዛል፤ ፈጣኑ ማቀዝቀዝ የመጀመሪያውን ቅርጽ ያስቀረዋል፤ ቅንጣቱም በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ እየተለወጠ ያብጥና መስታወቱን ያፈነዳዋል። መከላከያው የተጠነከረውን መስታወት ወደ 260 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ማቆየት ነው፤ ደካማው መስታወት ሰው ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ይፈነዳል። ፍንዳታው ከደረሰ ደግሞ ስብርባሪው ከመጠረጉ በፊት መነሻው ይፈለግ፤ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰፋ ያሉ ቁርጥራጮች ከተገኙና በመካከላቸው ባለው ስንጥቅ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ከታየ፣ ቁርጥራጮቹን በቴፕ አያይዞ ለላቦራቶሪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።