ደረቅ ዋግምት በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ዋግምት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በምላጭ ተበጥቶ በቀንድ የሚመጠጥ ደም ነው። እሱን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ምላጩም ቀንዱም ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ያሻግራሉ። ደረቅ ዋግምት ግን ቆዳ ሳይበጣ በፕላስቲክ ኩባያና በእጅ ፓምፕ የሚሠራው ነው። ገብስ ሲያጭድ ለሰነበተ ወገብና ሸክም ለያዘው ትከሻ ሕመሙን ለጊዜው ያቀልላል እንጂ የዲስክ መንሸራተትን አያድንም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋለት፣ ነፍሰ ጡር፣ ቁስል ወይም ችፌ ያለበት ሰው ይቅርበት።

ኩባያዎቹን በሳሙና ይጠቡ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፏቸውና ያለቅልቁ። መቀቀል አያዋጣም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ፕላስቲኩም ይጣመማል። ክፍሉ ይሙቅ፤ የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ አይላላም። ከሰል ካነደዱ ግን መስኮቱን ከፈት ያድርጉ።

ሰውየው በደረቱ ይተኛ። የኩባያውን አፍ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ ከበዛ ይንሸራተታል፣ ጸጉር ካለ ደግሞ አየር ያስገባል። ከአከርካሪው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብለው ጡንቻው ላይ ያስቀምጡት፤ አጥንት ላይ፣ አንገት ፊት ለፊትና የደም ሥር ያበጠበት ቦታ ላይ በፍጹም አይሆንም።

ፓምፑን 1 ወይም 2 ጊዜ ብቻ ይሳቡ። ቆዳው ጉብ ሲል ይበቃል። መወጠሩ ያለ ነው፤ ካቃጠለ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ያላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ለለመደ እስከ 10 ደቂቃ። አጠገቡ ይቆዩ፣ ላብ ካጠመቀው ወይም ካዞረው ያንሱለት።

ሲያነሱ ጎትተው አይንቀሉት። የኩባያውን መተንፈሻ (አናቱ ላይ ያለውን የአየር መክፈቻ) ሳብ ያድርጉ፣ ወይም ከጠርዙ አጠገብ ቆዳውን በጣት ጫን ብለው አየር ያስገቡ። ከዚያ ጋቢ ያልብሱት፣ ቀስ ብሎ ይነሳ።

የሚቀረው ክብ ምልክት ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። “በጠቆረ ቁጥር መርዝ ወጣ” የሚባለው ልክ አይደለም፤ የጠቆረው ስበቱ ስለበረታ ወይም ስለቆየ ነው። በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይጠፋል፤ ሳይጠፋ እዚያው ላይ አይድገሙ።

ፊት ላይ ከሆነ ትንሽ የሲሊኮን ኩባያ ይያዙ፣ ቆዳውን ዘይት ቀብተው ሳያቆሙ ያንሸራትቱ፤ ለአፍታ ካቆሙት ይበልዛል። ፊትን ለጊዜው ያቀላዋል፣ ማድያትና ጠባሳ ያጠፋል ለማለት ግን ማስረጃ የለም። ብጉር ያለበት ላይ አይሥሩ።

ውኃ ከቋጠረ አያፍርጡት፤ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት። መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።